የአደይ አበባ ተፈጥሯዊ መኖሪያ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

አደይ አበባ ከኑግ፣ ከሱፍና ከግራዋ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። የእጽዋት መጻሕፍት እንደሚሉት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያብባል፣ ዘሩን ይጥላል፣ በዓመቱም ደርቆ ይሞታል። የሚገኘውም በተራራ ጥግ፣ ጦም ባደረ መሬት፣ በማሳ ድንበርና በመንገድ ዳር ነው ይላሉ። ይህ ጥናት የመጻሕፍቱን ድካም ያከብራል። ሆኖም አጥኚው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ባካሄደው ያላሰለሰ ምልከታ፣ አበባው መኖሪያውን ከቀየረ መቆየቱን ደርሶበታል።

አስቀድሞ ስለ አካሉ። ሰው አንድ አበባ ነው ብሎ የሚቀጥፈው በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። ዳር ላይ ተዘርግተው የሚያብረቀርቁት ቢጫዎቹ መካን ናቸው፤ የሥራ ድርሻቸው ንብ መጥራት ነው። ዘር የሚያፈሩት መሃል ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡት፣ ማንም ልብ የማይላቸው ደቃቆች ናቸው። የዘመን መለወጫ ካርድ ላይ ተለቅ ተደርገው የሚሳሉት ግን ዳረኞቹ ናቸው። ይህን አደረጃጀት ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ማነጻጸር ከጥናቱ ወሰን ውጭ ስለሆነ ታልፏል።

ወደ መኖሪያው እንመለስ። ዛሬ አደይ በብዛት የሚገኘው በቴሌቪዥን ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ጳጉሜን ላይ ከአቅራቢዋ ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን፣ ከባንክ የወለድ መጠን ግርጌ ፈክቶ ይታያል። ድንጋያማ መሬት እንደሚችል ድሮም ይታወቅ ነበር፤ በሲሚንቶ ማስታወቂያ ላይ መብቀሉ ግን አዲስ ግኝት ነው። በዚሁ ሥነ ምህዳር ውስጥ የአገር ባህል ልብስ የለበሱ ዘፋኞች በአበባው መሃል ቀስ ብለው ይሮጣሉ፤ የክረምት ጭቃ ጫማቸውን አይነካም። አንዲት ንብም አለች። የሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ገደማ ቢሆንም፣ ይህችኛዋ በየዓመቱ መጥታ እዚያው አበባ ላይ፣ በዚያው በኩል ስታርፍ ትታያለች። ለንብ አርቢዎች ትልቅ ተስፋ ነው።

አስፋልት ዳር ለበዓል ዋዜማ ከቄጤማ ጋር ታስሮ የሚገኘው አደይም አለ፤ ግን ማታውን ስለሚጠወልግ ለጥናት አይመችም።

የወረቀቱ ዝርያ ይሻላል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ወንዶች ልጆች በር ላይ ይዘውት የሚመጡት ይህ ነው። የአበባው ቅጠሎች ብዛት እንደ ሠዓሊው ትዕግሥት ይለያያል፤ ቀለሙም ቢጫው እርሳስ ካለቀ ብርቱካናማ ይሆናል። ተቀባዩ ሳንቲም ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ልጁ ከበሩ ንቅንቅ አይልም።

ከሁሉም ጠንካራው የግድግዳ ካሌንደሩ ዝርያ ነው። የሜዳው አደይ በየዓመቱ ሲሞት ይሄኛው ኅዳርን፣ የካቲትን፣ ሰኔን ተሻግሮ ይኖራል። ዓመቱ ሲያልቅም ደብተር ተሸፍኖበት ሌላ ዓመት ይማራል። አጥኚው ዝርያው «ዓመታዊ» ከሚለው ምድብ ወጥቶ «ለብዙ ዓመት ኗሪ» ተብሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ ያቀርባል።

በመጨረሻም አንድ የመለየት ችግር መጠቀስ አለበት። ጥቅምት ላይ ከከተማ የወጡ ወጣቶች መኪና አቁመው የኑግ ማሳ ውስጥ ይገቡና፣ እየተሳሳቁ ፎቶ ተነሥተው «በአደይ መሃል» ብለው ይለጥፋሉ። ስህተቱ በሳይንስ ዓይን ከባድ አይደለም፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሥጋ ዘመድም ናቸው። የማሳው ባለቤት ግን ዘይቱን እያሰበ የቆየ ሰው ነውና ከማዶ ሆኖ፣ «ኧረ ከማሳው ውጡልኝ እናንተ ልጆች!» ሲል ተሰምቷል። የዚህ ድምፅ ሥነ ምህዳራዊ ፋይዳ ለቀጣይ ተመራማሪዎች ተትቷል።