ትራንስፈሩ ምን አጠፋ?

አዳማ ላይ ያረጀ ባለ ፎር ዊል መኪና ድምፅ ካበዛ ጋራዥ ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጥቶት ያድራል፦ «ትራንስፈሩ ነው!» ፈራጁ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ ጎሚስታ ሊሆን ይችላል፣ ማኪያቶውን ይዞ የሚያልፍ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። ስለ ሞተር ሁሉም ያወራል፤ ባትሪ ያላስለወጠ የለም፤ ካምቢዮም ቢሆን ማርሽ የነካ ሁሉ አስተያየት አለው። ትራንስፈር ግን ከካምቢዮው ኋላ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ተሸሽጎ የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው ብረት ነው። ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደግሞ ዘመድ የሌለው እንግዳ ነው። እኔ የምከራከረው ይህ ብረት ከሚከሰስበት ጥፋት ብዙው የአስፋልቱ፣ የጎማው፣ የዘይቱና የባለቤቱ ነው ብዬ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ተነሥቶ ወደ ውዱ ይሂድ፤ መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ይጠየቁ።

አስፋልቱ ይቅደም። በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች፣ በላንድክሩዘር 70 እና በቀድሞው ቪታራ ላይ፣ ከትልቁ ማርሽ ጎን ያለችው ትንሿ ማርሽ ወደ ፎር ስትገባ ትራንስፈሩ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እኩል ከመዞር በቀር ምርጫ የላቸውም። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። አሸዋና ጭቃ ላይ ልዩነቱን ጎማው እየተንሸራተተ ያራግፈዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ማራገፊያ ስለሌለ ጉልበቱ በዘንጎቹና በጥርሶቹ መካከል ይታመቃል፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮኻል፣ ትንሿ ማርሽም አልወጣም ብላ ታምፃለች። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያመጣው የክፍያ መንገድ፣ መስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ከጫፍ ጫፍ ፎር ዊል የሚያስፈልግበት አንድ ክንድ ቦታ ግን የለውም። ሆኖም «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ፎር አስገብቶ የሚነዳበት ሰው አይጠፋም። ቀጥ ባለው መንገድ ነገሩ ተሸፍኖ ይመጣና የአዳማ አደባባይ ላይ ይጋለጣል። መድኃኒቱ መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ የታመቀው ይለቃል፣ ማርሿም ትወጣለች። ምንም ስለማያስከፍል ግን ማንም አያምነውም።

እዚህ ላይ «የእኔ መኪና ሁልጊዜ በፎር ነው የሚሄደው፤ አስፋልት ላይም ጮኾ አያውቅም» የሚል አንባቢ እጁን ማንሣቱ አይቀርም። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ብቅ ያለው ላንድክሩዘር 80 አብዛኛው በፊትና በኋላ መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ስላለው የመንገዱን ልዩነት እሱ ያስታርቃል። እንዲህ ያለ መኪና መታጠፊያ ላይ ከተጨነቀ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመሃሉ ዲፈረንሻል ተቆልፎ ቀርቶ እንደሆነ ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ የፊቱን ዘንግ ፈትቶ ግቢ ውስጥ የሚያጋድም ሰው ደግሞ የ70ንና የ80ን ልዩነት በግድ ይማራል። በ70 ላይ ቢያደርገው መኪናው በኋላ ጎማ ይሄድለታል። በ80 ላይ የመሃሉን ሳይቆልፍ ቢያደርገው ግን ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም፤ ጉልበቱ ሁሉ የሚይዘው ወደሌለው ወገን ይፈስሳል። ያን ጊዜም ፍርዱ አይለወጥም፦ «ትራንስፈሩ ነው!»

ጎማው ብዙ አያከራክርም። ከኋላ ሁለት አዲስ፣ ከፊት ሁለት የተላጨ ጎማ ያሰረ ሰው፣ በፎር ሲሄድ ቀጥ ባለ መንገድም ላይ ዘንጎቹን እያጣላ ነው። ገመድ አዙሮ የአራቱንም ዙሪያ መለካት በቂ ነው፤ ገመድ የሌለው ቤት ደግሞ የለም።

ዘይቱ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ስምጥ ሸለቆ የሚገባው እዚህ ነውና። ከባቱ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርጎ ወደ ላንጋኖ የሚወርደው አገር እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ቀላል ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። አቧራው ደቃቅ ስለሆነ የዘንጉ አንገት ላይ ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒ ቀስ እያለ ይበላዋል፤ የትራንስፈሩን መተንፈሻም ይደፍነዋል። መተንፈሻው የተደፈነ ትራንስፈር ግሎ ሳለ ውኃ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና በጎሚኒው በኩል ውኃውን ይስባል፤ ዘይቱም ይነጣል። የላንጋኖን ዳርቻ በጎማ የሚያንቦጫርቁ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ። ምርመራው ቀላል ነው፣ ሥርዓት ግን አለው፦ መጀመሪያ የሚፈታው ላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። የታችኛውን ቀድሞ የፈታ፣ ዘይቱን ሁሉ ካፈሰሰ በኋላ ላይኛው ዝጎ እንቢ ቢለው፣ መኪናው እዚያው የቆመበት ቤት ሠርቶ ይቀራል። ላይኛው ከተፈታ ጣት ይገባል፤ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ሊገኝ ይገባል። በአንዳንድ የቆዩ ላንድክሩዘሮች የሚያጋጥመው ነገር ደግሞ እንቆቅልሽ ይመስላል፦ መሬት ላይ አንድ ጠብታ አልወደቀም፣ የትራንስፈሩ ዘይት ግን ጎድሏል። መልሱ ጎረቤቱ ዘንድ ነው። በካምቢዮና በትራንስፈር መካከል ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሰደዳል፤ የካምቢዮው ቡሎን ሲፈታ የተሰደደው ዘይት በእጅጌ ውስጥ ይወርዳል። በማፍሰሻው ቡሎን ላይ የተለጠፈው ግራጫ ልም የዕድሜ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረጥም ስባሪ ከተገኘ ግን ወሬው ሌላ ነው።

«ፊት አይጎትትም» የሚለው ክስም በክሪክ ብቻ ይጣራል። በእጅ የሚቆለፍ ፍሪ ዊል ያለው መኪና ከሆነ ፍሪ ዊሎቹ ይቆለፋሉ፣ ትንሿ ማርሽ ፎር ላይ ትሆናለች፣ ትልቁ ማርሽ አንደኛ ላይ ይገባል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ ይደረጋል። ድንጋዩን የማይወድ ካለ፣ የድሮው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ ጀርባ ያለውን ዘንግ እንደሆነ ያስታውስ። ከዚያ አንድ የፊት ጎማ ከመሬት ይነሣና በእጅ ይዞራል። አልዞርም ካለ ትራንስፈሩም ፍሪ ዊሉም ሥራቸውን ይዘዋል። ከዞረ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የፊቱን ዘንግ ይመልከት፦ ዘንጉ አብሮ የሚዞር ከሆነ ያልያዘው ትራንስፈሩ ነው፤ ዘንጉ ቆሞ ጎማው ብቻ የሚዞር ከሆነ ጥፋተኛው ከጎማው መሃል ያለው ፍሪ ዊል ነው፤ ትራንስፈሩም በነፃ ይለቀቃል። ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው የፎር መብራት በዚህ ችሎት ምስክር አትሆንም፤ እሷ የምታውቀው ማብሪያዋንና ሽቦዋን ነው፣ ሽቦው ደግሞ አቧራ ጠግቧል።

የመካኒኩ ተቃውሞ ግን መናቅ የለበትም። «ብረት በወሬ አይታይም፤ ካልተከፈተ አይታወቅም» ይላል፣ እውነትም አለው። ጭነት ሲበዛ ወይም ዳገት ላይ ማርሿ ራሷ ዘልላ ከወጣች፣ በሰንሰለት የሚሠራው ዓይነት ትራንስፈር ቤንዚን ሲሰጠው ጥርስ እየዘለለ ከተንኳኳ፣ ማፍሰሻው ላይ ስባሪ ከተገኘ፣ ይከፈት። ነገር ግን መንገድ ሲጀመር አንዴ «ቋ!» የሚለው ብዙ ጊዜ ግሪስ የናፈቀው ክሮቸራ ነው፤ ዘንጉን በእጅ ይዞ ወዲህ ወዲያ መነቅነቅ ያጋልጠዋል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚያጉረመርመውና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም የሚለው የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው። እነዚህን ሳያጣሩ መክፈት የሚያስከፍለው ደግሞ የዛሬ ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ ያገለገለ መኪናን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ያለው አሮጌ ፎር ዊል ከእኛ ጋር ሊያረጅ ነው። አዳማ አናት ላይ ካሉት የነፋስ ማመንጫዎች የመጀመሪያዎቹ 34ቱ ካምቢዮ እንኳ የላቸውም፤ ክንፉ በቀጥታ ጄኔሬተሩን ያዞራል። ከዚያ ከፍታ ሆነው የእኛን ትራንስፈር ሲያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

የቀረው ተጠርጣሪ ባለቤቱ ነው፤ አስፋልት ላይ ፎር የሚያስገባው ሳይሆን ጨርሶ የማያስገባው። ለዓመታት ያልተነካች ትንሽ ማርሽ መገጣጠሚያዋ ይዝጋል፤ የፊት ዲፈረንሻሉ የላይ ጥርሶችም ዘይት ሳይነካቸው ይከርማሉ። የቶዮታ የአያያዝ መጽሐፍ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ንዱት ይላል፤ ዘይቱ ሁሉንም እንዲያዳርስ ነው። ችግሩ 16 ኪሎ ሜትር አስፋልት ያልነካው መንገድ ከየት ይምጣ ነው። በአዳማ ኮብልስቶን ላይ አይሆንም፤ እሱም ሲደርቅ ያው አስፋልት ነው። ባጃጁ በሦስት ጎማ፣ ጋሪው በአንድ ፈረስ የሚወጣውን ሰርጥ ሁሉ ፎር ዊሉ አይመጥነኝም ብሎ ሲያልፈው ኖሯል፤ አሁን ግን ባለቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ወንጂ፣ ወደ ሸንኮራ ማሳው ዳር አቧራ መውረድ ሊኖርበት ነው። ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ሚስቱ ብትጠይቀው «መጥፎ መንገድ ፍለጋ» ከማለት ሌላ እውነተኛ መልስ የለውም፤ እንደምታምነው ግን እኔ ዋስ አልሆንም።