ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው

ሰውየው መንገድ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አንዱን እግራቸውን ከጫማ አውጥተው አፈሩ ላይ ያሳርፉታል። እኔ ብስክሌቴን ተደግፌ ቆሜአለሁ፤ ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ መሪው ላይ ያርፋል። ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ እየወጣሁ ነው። መውጣት ስል መግፋት ማለቴ ነው።

«አባባ፣ ውጫሌ ብዙ ይቀራል?»

ብስክሌቱን አዩት። እኔን አዩኝ። መልሰው ብስክሌቱን አዩት፤ የትኛችን የትኛችንን እንደተሸከምን ለመለየት ይመስለኛል።

«አብሽር ልጄ! ይቺን ኩርባ ከዞርክ ሜዳ ነው።»

ኩርባዋን ዞርኩ። ከጀርባዋ ሌላ ኩርባ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሲወጣ ታየኝ። ጀሪካን ያዘለች ሴት ቁልቁል ስትመጣ አገኘኋትና እሷንም ጠየቅኳት። «ውይ፣ አለቀልህ እኮ! ይቺን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው» አለችኝ። ሦስተኛው ባለባጃጅ ነበር። «ሜዳ ነው፣ ንካው!» ብሎ ጭሱን አልብሶኝ አለፈ። እሱ እንኳ ሞተር አለው፤ ሞተር ላለው ሰው ምን ሜዳ ያልሆነ ነገር አለ?

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሜዳ ነው» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላኛለች።

የጠያቂና የመላሽን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። በአገራችን ርቀት የሚለካው በአገጭ ነው። አገጭ ትንሽ ብቅ ካለ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ወደ ሰማይ ከተቀሰረ ስንቅ ያዙ። «እዚያ» ሲባል መጨረሻዋ ከተጎተተች፣ «እዚያአአ» ከሆነች፣ ማደሪያ መፈለግ ነው። ይህን ልኬት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ለዳገት የሚሆን ልኬት ግን የለንም። ዳገት ሁሉ «ይቺ ብቻ» ናት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሜዳ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ጀርመን አገር የሚኖር ጓደኛዬ ነው። ባለፈው ዓመት ከትሪር እስከ ኮብሌንዝ በሞዜል ወንዝ ዳር ብስክሌት ነድቶ ፎቶ ላከልኝ። በሁለቱም በኩል ተራራው በወይን ተሸፍኗል፤ ብስክሌተኛው ግን ወንዙን ተከትሎ በጠፍጣፋ መንገድ እየተንሸራሸረ፣ በየመንደሩ ወርዶ ወይን እየቀመሰ ይሄዳል። ዳገቱን የሚወጣው ወይኑ ነው፣ ሰው አይደለም። «አንተስ አገርህ ተራራና ወንዝ ሞልቶት ለምን ትቀመጣለህ?» አለኝ። እኔም ቀናሁ፣ ብስክሌት ገዛሁ። 18 ማርሽ አለው ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፤ እስካሁን 5 አግኝቻለሁ።

ጓደኛዬ ያልነገረኝ ነገር የወንዞቹን አካሄድ ነው። የሞዜል መንገድ ከወንዙ ጋር ይሄዳል። የኛ መንገድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል፤ ወንዞቻችን ግን ከወሎ ተራራ ተነስተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ነው የሚወርዱት። ሚሌን ውሰዱት፦ ከዚህ ከኛ ተራራ ፈልቆ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መንገዱ ወንዝ ባገኘ ቁጥር ይወርዳል፣ ከተሻገረ በኋላ የወረደውን ያህል ይወጣል። ወንዙን ትከተላለህ የተባልኩ ሰው ወንዝ ስቆጥር ዋልኩ። ወይኑስ? ወይናችን ዝዋይ ነው ያለው። የፈረንሳዩ ካስቴል ተክሎት በ2006 ዓ.ም. ጠርሙሱን ለገበያ ያወጣው እዚያ ነው፤ ዝዋይ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ የተኛ ሜዳ ነው። የነሱ ወይን ተራራ ሲወጣ ሰውየው ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ የኛ ወይን ሜዳ ላይ ሲንፈላሰስ ሰውየው ተራራ ይወጣል።

ብስክሌት ለኛ እንግዳ ነው የሚለኝ ካለ ግን አልቀበልም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስንገባ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከፈረንሳይ ተራራ ሥር ቆሞ «ሜዳ ነው» ያለው ሰው ይኖር ይሆን?

ወደ ውጫሌ ልመለስ። የምገፋው ወደ የት እንደሆነ አስታውሱልኝ፤ አገር በአንድ ቃል የተጣላበት ቦታ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ እዚሁ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ ላይ ተዋዋሉ። ውሉ 20 አንቀጽ አለው። 19ኙ ምን እንደሚሉ መንገደኛ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ የለም፤ 17ኛውን ግን የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ይነግራችኋል። በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ማድረግ ይችላሉ። በጣልያንኛው ግዴታቸው ነው። ጣልያንም የራሷን ቅጂ ይዛ ኢትዮጵያ በእጄ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱት፤ የቀረውን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ጨረሰው።

ይህን እያሰብኩ ስገፋ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። አንቶኔሊ ወደ ይስማ ንጉሥ ሲመጣ መቼም በዚህ አገር አቀበት ሳያልፍ አልመጣም። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሽማግሌም አይጠፋም። «ይስማ ንጉሥ ብዙ ይቀራል?» ብሎ ጠይቆ «አብሽር፣ ሜዳ ነው» ተብሎ ቢሆንስ? ሲደርስ ጉልበቱ ዝሎ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቃል በሁለት ትርጉም ከተጠቀሙማ እኔም እችላለሁ ብሎ ቢሆንስ? ማስረጃ የለኝም። ባቴ ግን ይመሰክራል። ነገሩ ያው የሁለት ቅጂ ጉዳይ ነው፦ በሽማግሌው ቅጂ «ሜዳ ነው» ማለት «በርታ» ማለት ነው፤ በብስክሌተኛው ቅጂ «ሜዳ ነው» ማለት ሜዳ ነው ማለት ነው።

ይባስ ብሎ የምገፋው ዕቃ ራሱ በጣልያንኛ የተሞላ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ማርሽ፣ ፓራፋንጎ። ጎማ ሲተነፍስ የምንሄደው ወደ ጎሚስታ ነው። አንቀጽ 17ን አሽቀንጥረን ፍሬኑን አስቀረን። የራሳችን ሆነው የቀሩት ዳገትና ሜዳ ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ለይተን መጥራት አቃተን!

ቀና ስል የአምባሰል ሰንሰለት ታየኝ። አራት ቅኝት ካለን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ አገር ስም ናቸው፤ ለተራራው የሚሆን ዜማ አላጣንም። ከዚያ ሰንሰለት ወዲያ ግሸን አለች። መስከረም 21 ለማርያም የሚወጡ ተሳላሚዎች ከላይ የሚወርደውን «ስንት ይቀራል?» ሲሉ መልሱ «ደርሳችኋል» ነው፤ እግር ሥሯ ላይ ቆመውም ቢሆን ደርሰዋል። የአምባዎቹ አናት ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ለካ ሽማግሌው አልዋሹኝም። ሜዳው አለ፤ እዚያ ላይ ነው።

አንዳንዴ ግን አያስቀኝም። በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ አስፋልት ሲመጣ «አብሽሪ፣ እዚህ አይደርስም» የተባለች እናት ልጇን አዝላ፣ ሌላውን እጁን ይዛ ይህንኑ አቀበት በእግሯ ወደ ደሴ ወጥታዋለች። ሜዳ አልነበረም። ዳገት ነው፣ ረጅም ነው፣ ዛሬውኑ ተነሺ የሚላት አንድ ሰው ብታገኝ በጠዋት ትነሳ ነበር፤ ቢያንስ ውሃ ትይዝ ነበር። ደህና ነው፣ ምንም የለም፣ አለቀ፣ ደረሰ... የምንነግረውን ሰው አዝነንለት ነው ወይስ እውነቱን ስንነግረው ፊቱን ላለማየት? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፣ ያናድደኛልም።

በሉ ይብቃኝ፤ ወጌ ከአስፋልት ወጣ።

እንዲያው ለመሆኑ ሽማግሌው ምን ሊሉኝ ኖሯል? «ልጄ፣ ገና ነህ፤ ያውም እንደ አያያዝህ አትደርስም» ይበሉኝ? እንዲያ ቢሉኝ ብስክሌቱን እዚያው ሰጥቻቸው እመለስ ነበር። ባለባጃጁ ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ብስክሌቱ በድንገት ቀለለኝ። ዞር ስል አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ኮርቻውን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላ ይገፋልኛል። አልጠራሁትም፣ ከየት እንደመጣም አላየሁም። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ማሙሽ፣ ይሄ ዳገት ነው ሜዳ?»

«ሜ... ሜዳ ነው!»

ውጫሌ ገብቼ ሻይ ስጠጣ እውነት ተናጋሪ ለመሆን ቆረጥኩ። ዕድሉም ሳይቆይ መጣ። ብስክሌቱ ላይ ሁለት ጆንያ የጫነ ወጣት ወደ ሐይቅ ከተማ ሊሄድ ኖሮ «ብራዘር፣ ከዚያ ነው የመጣኸው? መንገዱ እንዴት ነው?» አለኝ። የመጣሁት ከውርጌሳ በኩል ቢሆንም በዋዜማው በሚኒባስ አልፌበታለሁ። ስለዚህ በዝርዝር አስረዳሁት፤ የሚወርደውን፣ የሚወጣውን፣ ድልድዩን፣ ከድልድዩ በኋላ ያለውን። አንዱንም አልሸሸግሁ። ጆንያዎቹን አየ፣ እኔን አየ።

«ምን በደልኩህ ግን?» አለኝና ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ሄደ። አልተሰናበተኝም። የሻይ ቤቷ ልጅ ሳይቀር ገላመጠችኝ።

ጓደኛዬ ትናንት ደውሎ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ብስክሌት ይዤ ልምጣ ወይ፣ መንገዱስ እንዴት ነው ብሎኛል። አስብበታለሁ አልኩት። መጀመሪያ የኔው መስተካከል አለበት፤ ካቴናው ደርቆ እንደ ድሮ በር ሲጢጥ ይላል። ጎሚስታው ዘይት የለኝም አለ። የት ይገኛል ስለው ከጎማው ላይ ቀና ሳይል አገጩን ወደ ላይ፣ በጣም ወደ ላይ ቀሰረው።

«እቺው ጋ ናት።»