ሳቁ የቆላ፣ ቲኬቱ የደጋ

«ከሸዋ ሮቢት ደግሞ ምን ኮሜዲ ይወጣል?» አለኝ አንድ አዲስ አበቤ ወዳጄ፤ ስለ አስቂኝ ፊልሞች እያወራን ነበር።

«ምነው፣ አምና መጥተህ ራስህ ሠርተህልን አልሄድክም?» አልኩት።

የሠራልን እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ በሌሊት ሲነሳ ሹራብ ላይ ኮት ደርቧል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠናበት ጋቢ ጨመረ። ጣርማ በር ደረሰ፤ ጣሊያን ተራራውን በስቶ ያወጣው ዋሻ ጋ። ከዋሻው ወዲያ ጉምና ውርጭ ነው፤ ወዲህ ገደሉና ከሥሩ የተዘረጋው የይፋት ቆላ። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚያ አፋፍ ወርዶ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሸምቶ፣ 1280 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ሸዋ ሮቢት ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ አውቶቡስ ውስጥ የሚታየውን ቻርሊ ቻፕሊን ቢያገኘው ኖሮ አይለቀውም ነበር። ጋቢው ደብረ ሲና ላይ ይወልቃል። ኮቱ አርማንያ ላይ። ሹራቡ ራስ ላይ ሲደርስ ተወትፎ እምቢ ይላል፤ ባለቤቱ በጭፍኑ እጁን ሲያወናጭፍ የጎረቤቱን ኮፍያ ይጥላል፤ ጎረቤቱም በዚያው ሰዓት የራሱን ሹራብ እየታገለ ነው። ወዳጄ ሮቢት ላይ ሲወርድ ልብሱን እንደ ነዶ ታቅፎ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር።

ፓፓያ ከሚሸጡ እናት ፊት ቆመና «እናቴ፣ ይኼ ሙቀታችሁ ሰው ይገድላል እኮ!» አላቸው።

«አይ ልጄ፣ ሙቀቱስ ምንም አላደረገህ። ብርዱን ተሸክመኸው መጥተህ ነው የደከመህ።»

መደዳውን የተቀመጠው ነጋዴ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ወዳጄም ሳቀ። ዋጋውን ሲሰማ ግን አልቻለም፦ «በዚህ ዋጋማ አዲስ አበባ ተልጦ ይቀርብልኛል!»

«መላጡንስ እኔም እልጥልሃለሁ። የአዲስ አበባው ያጎርስሃል?» አሉና ልጠው አጎረሱት።

ይህን ንግግር የጻፈ ደራሲ የለም፤ ያዘጋጀው ዳይሬክተርም የለም። እናታችን ሰውየውን በአንድ ቃል ጥለው በአንድ ጉርሻ አነሱት። የይፋት ተረብ የጣለውን ሳያነሳ አይሄድም። ለአስቂኝ ፊልም ከዚህ የተሻለ መለኪያ እኔ አላውቅም።

«አንተ ፓፓያ ታወራለህ፤ ዓለም የመረጣቸው ፊልሞች አሉ» አለኝ ወዳጄ። አሉ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢቢሲ ከ52 አገሮች 253 የፊልም ሐያስያንን ጠይቆ የዘመናት ምርጥ ኮሜዲዎችን ሲያስመርጥ፣ አንደኛ የወጣው የቢሊ ዋይልደር «ሰም ላይክ ኢት ሆት» ነው፤ በ1959 የወጣ። ሁለት ሙዚቀኞች ወንበዴዎች ሲገዳደሉ ያያሉ፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ የሴት ልብስ ለብሰው ከሴቶች ባንድ ጋር ይሸሻሉ። ከሁለቱ አንዱን አንድ ሀብታም ሽማግሌ ሴት መስሎት ካላገባሁ ብሎ ይጠናበታል። ፊልሙ በምን ይዘጋል? በተረብ! «ሙሽሪት» መላው ሲጠፋት ዊጓን አውልቃ ወንድነቷን ስትናዘዝ፣ ሽማግሌው ቅንጣት ሳይደነግጥ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ይመልስላታል። ከ60 ዓመት በላይ ያቺ መልስ አላረጀችም። የዓለም አንደኛ የተባለው ፊልም ጉልበቱን ያኖረው ፈጣን መልስ ላይ ከሆነ፣ ይፋት ምን ይጎድላታል?

እዚህ ላይ ቪዲዮ ቤታችንን ላንሳ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ ነበር። ፊልሙ ከሚያስቀን ይልቅ የቤቱ ሙቀት ያልበን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 የተሠሩት የሚስተር ቢን ክፍሎች ዞረው ዞረው እኛ ጋ ደርሰው ነበር። ሮዋን አትኪንሰን አይናገርም ማለት ይቻላል፤ ፊቱ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ከፊት የተቀመጠ ልጅ «ይኼ ሰውዬ ለምን አይናገርም?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ መልስ መጣ፦ «እኛ ካለንለት ምን ያለፋዋል!» ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? አንዱ ለቢን የይፋት አማርኛ ሰጠው፤ ሌላው ለፖሊሱ፤ ሦስተኛው ለመኪናዋ። እንግሊዛዊው በገበያችን ቋንቋ ዋጋ ሲከራከር አመሸ። ያን ምሽት ያየሁት ኮሜዲ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ በላይ አልሳቅሁም።

ምላሱ ከየት መጣ ለሚል፣ ከገበያ መጣ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት ይፋትን ሲይዝ፣ ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በዚህች ምድር ያልፍ ነበር። ዛሬም እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ። የሌላውን ቋንቋ ቀምሶ ያላደገ ልጅ እዚያ አይነግድም። ዱላ የማይፈታውን ክርክር ቀልድ ሲፈታው አይቻለሁ፤ ግመሉን የሚጎትተውና ማሾውን የሚሰፍረው እየተሳሳቁ ሲለያዩ።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ ሀብት በአማርኛ ኮሜዲ ፊልም ውስጥ የተረፈን አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሊፍት አይቶ የሚደነግጠው ባላገር። ቁምጣ ያለብሱታል፤ አነጋገሩን ያንሻፍፉታል፤ ከተማ አስገብተው ግራ ያጋቡታል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ቲኬቱ ይሸጣል። ባላገሩ ለአዲስ አበቤው አንድ ጊዜ እንኳ መልስ ሲሰጥ አይታይም። መልስ የሌለው ቆለኛ! እንዲህ ያለ ሰው እኔ ተወልጄ ባደግሁበት አገር አላጋጠመኝም።

ነገሩ በሌላም አገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ አይስ «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ»ን ሠራ። ከአውሮፕላን የወደቀ የኮካ ኮላ ጠርሙስ የካላሃሪን ሰዎች ሲያጣላ የሚያሳይ ነው። መሪ ተዋናዩ ኒካው የሳን ተወላጅ ነበር። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሲያፍስ፣ ለእሱ የተከፈለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቆይቶ የፊቱን ዋጋ ሲያውቅ ለተከታዩ በብዙ እጥፍ ጠየቀ። እሰየው! በፊልሙ ስቄያለሁ፤ ይህን ካወቅሁ በኋላ ግን እንደ በፊቱ አልስቅም።

ቻፕሊን ሌላ ነው። ምስኪኑን አቁሞ በፎካሪው ላይ ያስቃል። «ዘ ጎልድ ረሽ» (እ.ኤ.አ. 1925) ውስጥ የተራበው ሰው ጫማውን ቀቅሎ እንደ ጮማ ሲያጣጥመው በረሃቡ አንስቅም፤ በክብሩ እንደነቃለን። «ሞደርን ታይምስ» (እ.ኤ.አ. 1936) ውስጥም የሚሳቀው ሠራተኛው ላይ ሳይሆን የምሳ ሰዓቱን ለመቆጠብ በማሽን ሊያጎርሰው በተነሳው ፋብሪካ ላይ ነው። ማሽኑ ሲያጎርስና እናታችን ሲያጎርሱ ያለውን ልዩነት ፊልም ሠሪዎቻችን ልብ ይበሉልኝ።

«ኮሜዲ ለእኛ እንግዳ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴያትራችን ኮሜዲ ነበር። የሸዋው ሰው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን በ1910ዎቹ ዓ.ም. መድረክ ላይ ሲያወጣ፣ በእንስሳት አፍ የቤተ መንግሥቱን ሹማምንት ተረበ። ነገሩ ስለገባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴያትር ተከለከለ። መንግሥቱ ለማም በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» የተሳለቀው በተማረውና በዘር ቆጣሪው ላይ ነው። መድረካችን እየሳቀ ተወለደ። ሲኒማችን ግን በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ብሎ በእንባ ጀመረ፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የፊልም ሽልማታችንም ስሙን የወሰደው «ጉማ» ከተባለው ፊልም ነው፤ የደም ካሳ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ሳቁ አልጠፋም፤ ደረጀና ሀብቴ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ አለባቸው ተካ አገር ያሳቁ ሰዎች ናቸው። በፊልምም «የወንዶች ጉዳይ» ተወዶ ሁለተኛ ክፍል ወልዷል። በቴሌቪዥንም «ምን ልታዘዝ» የአገሩን ጉዳይ አንዲት ካፌ ውስጥ አስገብቶ ወደ ላይ መሳቅን አሳይቶናል። ወንዙ አለ ማለት ነው፤ ወደ ቆላው ግን አልፈሰሰም።

ለዚህ የሚቀርቡልኝ ሰበቦች ከነመልሴ እነሆ።

«የእኛ ሕዝብ ኮሜዲ አይገባውም።»

የሚገባውን ሰጥታችሁት ታውቃላችሁ?

«የይፋት አነጋገር ለካሜራ አይመችም።»

ካሜራው መች ቅር አለው? ቅር ያለው ከኋላው የቆመው ነው።

«ሙቀቱ ተዋናይ ይጎዳል።»

ፓፓያውን ያበሰለ ሙቀት ተዋናይም ያበስላል።

«በዚህ ጊዜ ምን ሳቅ ያስፈልጋል?»

ለዚህኛው ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ይፋት ያሳለፈውን አውቃለሁ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ፣ በቀጣዩ ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ቤቱን ጥሎ የወጣው የእኛ ሰው ነው። ግን በልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛውን እህል የሚያስቀምሰው ማን ነው? ጨዋታ አዋቂው ነው። ከሰልስት በኋላ ገብቶ፣ የሟቹን ደግ ቀልድ አንስቶ፣ ያንን የደረቀ ፊት ፈገግ የሚያሰኘው እሱ ነው። ቻፕሊንም «ዘ ግሬት ዲክታተር»ን ያወጣው ሂትለር አውሮፓን ሲያነድ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በአገራችን ያዘነ ሰው ሳቅ አይከለከልም፤ ደግ ሰው ያመጣለታል።

ስለዚህ ፊልም ሠሪዎች፣ ኑ። ንግግሩን አዲስ አበባ ጽፋችሁት አትምጡ፤ እዚህ ሰምታችሁ ጻፉ። ተዋናዩን ከዚሁ ምረጡ፤ ለደጋው የምትከፍሉትንም ክፈሉት። ባላገሩ መልስ ይስጥ። ሲጨረስም መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት አሳዩት፤ ያላሳቀውን ቦታ ከኋላ የተቀመጠው ይነግራችኋል።

ሰንበቴ ገበያው እሑድ ነው። ኮታችሁን ደብረ ሲና ላይ አስቀምጡ።