ብብቱን የተማመነ ጎበዝ

የድሮ ጎበዝ ክንዱን ተማምኖ ይወጣ ነበር፤ የዘንድሮው ክንዱን ከፍ አድርጎ ብብቱን ይተማመናል። ትምህርቱን ከቲክቶክ ቀስሞ፣ ሳሙናን «ኬሚካል»፣ ሽቶን «ውሸት» ብሎ፣ ሴት የሚማርከው የገዛ ጠረን ነው በሚል ጽኑ እምነት ሦስት ቀን ሳይታጠብ ለቀጠሮ ይመጣል። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ይቆምና ልጅቱን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያቆማታል። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስትጠመጥም «ብርዱ ነው» ይላል።

እኛ የኮሶዬ ሰዎች ይህን ወሬ ስንሰማ ልባችን በኩራት አበጠ። ለካ ቀድመን ሠልጥነናል! ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ጋቢ ደርቦ፣ ከበግ ጋር ውሎ ከበግ ጋር የሚያድረውን እረኛችንን «ሸተተ» እያልን ስናማው ኖረናል። ለካ ልጁ ሞዴል ኖሯል! እስከ ዛሬ ሚስት ያጣውም ዘመኑን ቀድሞ ስለተወለደ ነው።

ነገሩ ሳይንስም አለው። በ1995 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ክላውስ ቬደኪንድ የተባለ ተመራማሪ 44 ወንዶችን ቲሸርት አልብሶ ሁለት ሌሊት አስተኛና ቲሸርቶቹን 49 ሴቶች እንዲያሸቱ አደረገ። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከሚወስዱት በቀር ሴቶቹ በበሽታ መከላከያ ጂን የማይመስሏቸውን ወንዶች ጠረን ወደዱ። ጎበዛችን ንባቡን እዚህ ላይ አቆመ። ትንሽ ገፋ ቢያደርግ ኖሮ ወንዶቹ ሽታ በሌለው ሳሙና እንዲታጠቡ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም የበዛበት ምግብ እንዳይቀምሱ ታዘው እንደነበር ያገኝ ነበር። እሱ ግን ጥብሱን በአዋዜ አጣጥሞ፣ በጠላ አወራርዶ ነው «አሽቺኝ» የሚላት።

«ፌሮሞኔ ይጠራሻል» ይላል ደግሞ። ፌሮሞን፣ ማለትም እንስሳ አቻውን በጠረን የሚጠራበት ንጥረ ነገር፣ እውነት ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቡተናንት ከግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሐር ትል ቢራቢሮዎች አንጥሮ አውጥቶታል። እንግዲህ ቀጠሮው ከሐር ትል ቢራቢሮ ጋር ከሆነ እንኳን ደስ ያለው። በሰው ላይ ግን እስካሁን በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠ አንድም የለም። ይባስ ብሎ የብብት ላብ ትኩሱን ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፤ ሽታውን የሚሠሩት ቆዳ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። «የራሴ ጠረን» እያለ የሚኩራራበት የሌላ ሠራተኛ ድካም ነው።

በጠረን መኩራትስ ለጥርኝ ባማረ። አገራችን ዝባዱን በበሬ ቀንድ አሽጋ ለፈረንጅ ሽቶ ቀማሚ ስትልክ ኖራለች። ዝባድ እንኳ ጥሬውን አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ሰው አንገት ላይ የሚደርሰው ተበርዞ፣ በጠብታ ተለክቶ ነው። ለጥርኝ ያልተፈቀደውን ጎበዛችን ለራሱ ፈቀደ።

እሷስ? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ያደገች ናት። በጥምቀት የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታ የነበረው ጎረምሳ ቢያንስ መልካም የሚሸት ነገር ይወረውር ነበር። የእኛ ልጅ ለቀጠሮዋ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ዳገት ትወጣለች፤ እንጨት አንድዳ ውሃውን ታሞቃለች፤ ታጥባ ለጋ ቅቤዋን በአደስ ለውሳ ትቀባለች። ቧንቧ መኝታ ቤቱ ድረስ የገባለት ጎበዝ ነው እንግዲህ «ውሃ ተፈጥሮዬን ያጠፋብኛል» ብሎ የሚመጣባት። ውሃ የሞላለት ሳይታጠብ ሲቀር ፈላስፋ ይባላል፤ ውሃ የራቀው ሲቀር ቆሻሻ። ያቺን ጀሪካን አንድ ቀን ቢሸከማት ፍልስፍናው ከዳገቱ እኩሌታ አያልፍም ነበር።

ወንድምዓለም፣ ምክር አይጠላም። ከቆምክበት አፋፍ ወደ ታች እይ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ጠጉር እየፈለቀቀ ሲያጸዳ ያረፍዳሉ። ሳሙና የላቸውም፤ ቲክቶክም አላስተማራቸውም፤ ለሚወዱት ንጹሕ ሆኖ መቅረብን ግን ያውቁበታል። ልጅቱ ዛሬ «ፎቶ ላንሳ» እያለች ደጋግማ ወደ እነሱ የተጠጋችው ለፎቶው እንዳይመስልህ።