በጌን ትቶ እኔን ለመረመረ መሥሪያ ቤት

ለተከበረው የእንስሳት ጤና ቢሮ
ጁባ

ክቡር ሆይ፣ ሙሉ ስምዎን ያልጻፍኩት አንድም ከአክብሮት፣ አንድም በርዎ ላይ ያለውን ጽሑፍ ዝናብ ስላጠበው ነው።

የምጽፍልዎ ለእንቁጣጣሽ የገዛሁትን ሙክት ይዤ በመጣሁ ዕለት ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ላመሰግንዎ ነው። በጉን የገዛሁት ከወንዙ ማዶ፣ ከጉምቦ ነው። ነሐሴ ላይ መንገዱ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አይነገርም። በጉ የሚያኮራ ነበር፤ ከኮቴው በላይ እስከ ጉልበቱ ግን ወፍራም ቅርፊት ለብሷል። ዛሬ ጁባ ውስጥ ምግብ ቤት ባስተዳድርም ሰሜን ሸዋ ሳለሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩና የጠረጠርኩት ነገር ነበር። ቢሆንም በሰው አገር የሰው ሥርዓት ይከበራል ብዬ፣ በጉን ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ታቅፌ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ደጅዎ ደረስኩ።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሹምዎ ሻያቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ከዚያ ፓስፖርት ጠየቁኝ። ሰጠሁ። የመኖሪያ ፈቃድ አሉ። ሰጠሁ። «የበጉስ ወረቀት?» በግ ከገበያ ሲገዛ ከገመዱ በቀር ምንም እንደማይሰጥ አስረዳሁ፤ ቅር አላቸው። ፓስፖርቴን ገጽ በገጽ አገላበጡት፣ ለብርሃን አቅርበውም አዩት። በጉ ይህን ሁሉ ጊዜ ከጫማቸው አጠገብ ቆሟል።

በመጨረሻ «በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል?» አሉኝ። ሙያዊ ጥያቄ ስለሆነ ደስ አለኝ። «አንዳንዱ ይተላለፋል» አልኩ። ወዲያው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው «ሱሪህን ሰብስብ» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም። ወረፋ የያዘው ሕዝብ እያየ፣ ከመካከሉም ዘወትር ምሳቸውን እኔ ዘንድ የሚበሉ ሰዎች እያሉ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩ። ካልሲም አስወለቁኝ። በእስክሪብቷቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለችውን ጠባሳ ጫን አድርገው «ይህችስ?» አሉ። የልጅነት ኳስ ናት አልኩ። ዙር አሉኝ፣ ዞርኩ። «ያ ሐበሺ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሳቁ ተከተለ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ። ሹምዎ ግን አልሳቁም፣ ይህንን እመሰክርላቸዋለሁ። በጥሞና ጽፈው ሲጨርሱ፣ በጉን አንዴም ሳያዩ «እከክ» ብለው አይቨርሜክቲን አዘዙለት። ገንዘቡን ከፈልኩ። ሙዲሩ፣ አለቃቸው፣ ስላልነበሩ ማኅተሙ «ቡክራ»፣ ነገ፣ ተባለ።

በትሕትና አንዳንድ ነገር ልጠቁም። በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ ካሳሰበዎ፣ መታየት የነበረበት በጉን ያገላበጠው እጅ ነው። ኦርፍ የሚባለው የቫይረስ ቁስል ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው ጣት ላይ ነው። ጣቴን ማንም አላየልኝም። እከክ የያዘው በግ ደግሞ መቆም አይሆንለትም፤ መሬት ይደቃል፣ እግሩን ይነክሳል፣ ከግድግዳ ይታከካል። የእኔው እንደ ባሕታዊ ጸጥ ብሎ ነበር። ኦርፍ ቢሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ላይም ይታያል። ከእግሩ አንዲት ቅርፊት በጓንት ነቅሎ ያየ ሰው፣ ከሥሯ ቀይ፣ የሚደማ፣ ጎርበጥባጣ ሥጋ ያገኝ ነበር። ይህ የዴርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ ሥራ ነው፤ ዝናብ ያራሰውን፣ እሾህና ድንጋይ የጫረውን ቆዳ የምትወድ ባክቴሪያ ናት። መጀመሪያ የተገለጸችው በ1915 እ.ኤ.አ. በጎረቤትዎ በቤልጂየም ኮንጎ ነው። ሹምዎ የእኔን ቪዛ ሲመረምሩ እሷ ፊታቸው ቆማ ነበር፣ ያለ ቪዛ።

አይቨርሜክቲን እከክ አምጪውን ተባይ ይገድላል፤ ባክቴሪያ ግን አይነካም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ በጉ ለሳምንታት አይታረድም። ስለዚህ ትእዛዝዎን ብፈጽም ኖሮ በጉ አይድንም፣ ለበዓሉም አይበላም። የሚያስፈልገው ደረቅ መኝታ፣ የተነሳውን ቅርፊት ሰብስቦ ማቃጠል፣ ሲጸና ደግሞ ሐኪም መዝኖ የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነበር። እሱም ቢሆን ቢላዋን ለሳምንታት ያስጠብቃል። ቅርፊቱ ሜዳ ላይ ከተጣለ ጀርሟ በውስጡ ለወራት ትቆያለች፤ የቢሮዎ ደጅ ላይ የወዳደቀውን ያስጠርጉ።

አፍተግር ቢሆንስ ኖሮ? በግ ላይ ምልክቱ ቀላል ነው፣ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ኮቴው ከቆዳው የሚገናኝበትን ካላዩ፣ አፉን ካልከፈቱ አያገኙትም። ማን ከፈተው? ከኋላዬ ፍየሏን የያዘች እናት ቆማ ነበር። ያቺ ፍየል ሀብቷ ናት! የልጆቿ ወተት፣ የትምህርት ቤት ክፍያዋ! በሽታ ይዤባት መጥቼ ቢሆን ማን ሊነግራት ነበር? ጎንበስ ማለት ይህን ያህል ይከብድሃል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ? ወገብህን ነው የሚያምህ ወይስ ሥራህን ጠልተኸዋል?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ሆይ። እርስዎ ለማለት ነው።

ደመወዝ ለወራት እንደሚዘገይ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንደሌለው፣ መድኃኒቱም በእርዳታ እንደሚመጣ አገር ያውቀዋል፤ በዚህ አልወቅስዎትም። ግን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ጦርነት ላይ፣ የአገርዎ አርብቶ አደሮች ከየሰፈሩ ተመርጠው፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው፣ በእግራቸው እየዞሩ ከብት «ደስታ» ከሚባለው በሽታ አድነዋል። ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፣ ማኅተምም አልነበራቸውም። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ ነፃነትዎ ሊበሠር ሳምንታት ቀርተውት ነበር። እነዚያ ሰዎች ከብቱን ያዩ ነበር። ከመካከላቸው በሕይወት ያለ ካለ እባክዎ ያንን ወንበር ይስጡት።

ምግብ ቤታችን እንቁጣጣሽን በዶሮ ዋለ። በጉ ጓሮ፣ ጣውላ ላይ ነው፤ ቅርፊቱ እየለቀቀለት ነው።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል። የሰጡኝ ደረሰኝ «የቆዳ ምርመራ» ይላል። በዕለቱ የተመረመረው ብቸኛ ቆዳ የእኔ ስለሆነ ውጤቱ በጽሑፍ፣ ሙዲሩ በፈረሙበት ወረቀት፣ በማኅተም እንዲደርሰኝ አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሱሪ ሰብሳቢው ሐበሻ