ተጠርጣሪው ኮባ

በእናቴ ግቢ ውስጥ እንደ ኮባው በሌብነት የተጠረጠረ ፍጡር የለም። ሁለተኛው ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነው፤ ሦስተኛዋ የጎረቤት ድመት። ሰው ከዝርዝሩ የሚገባው ብዙ ቆይቶ ነው፤ እሱም የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚጠረጥረውን የጥበቃ ካሜራ የላከልን ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። «እማዬን እዚህ ሆኜ ልጠብቃት» ብሎ አፑን በራሱም በእኔም ስልክ ላይ አስጫነ። በእኛ ክረምት አዲስ አበባ ከሜሪላንድ በ7 ሰዓት ትቀድማለች። እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ወንድሜ ራቱን በልቶ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ለአገር ጉዳይ ተዘጋጅቷል። በዚህ ሰዓት ነፋስ ኮባውን ወዝወዝ ካደረገው አለቀልኝ።

«ተነስ! ግቢ ውስጥ ሰው አለ!»

«ኮባው ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ኮባ እጁን ያወናጭፋል እንዴ?»

«ነፋስ ካለ ያወናጭፋል።»

«ውጣና አይተህ ንገረኝ!»

ወጥቼ አየሁ። ሌባው ሐሰት ነበር፤ ዝናቡ ግን እውነት።

በመጨረሻ ወንድሜ ከሜሪላንድ ፍርድ ሰጠ፤ ኮባው ይቆረጥ። እማዬ ይሄን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «ለእንቁጣጣሽ ድፎውን በምን ልድፋው? በካሜራህ?» አለችው። ይግባኝ የለውም። ኮባው በነፃ ተሰናበተ፣ እኔም ሌላ መላ ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ይሄ ካሜራ የሚሉት ዕቃ ሌባ የሚባል ነገር አያውቅም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ርካሽ ካሜራ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው፣ አንዱን ምስል ከቀጣዩ ጋር አስተያይቶ በቂ ነጥቦች ተለውጠው ካገኘ መጮህ ነው። ደመና ፀሐይን ሸፈን አድርጎ ሲለቃት ጥላ ይለወጣል፤ ይጮሃል። መኪና ሲታጠፍ መብራቱ የቆርቆሮ አጥሩን ዳሶት ያልፋል፤ ይጮሃል። ሲመሽ ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ሲዞር ራሱ በራሱ ደንግጦ የሚጮህም አለ። በባትሪ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ የሚከተሉት ሙቀት ነው፤ እነሱን ኮባ ያን ያህል አያስደነግጣቸውም፣ ድመት ግን ታስደነግጣቸዋለች።

ካሜራውን የገጠመው ልጅ ተጠርቶ መጣ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ «ሴንሲቲቪቲውን ማውረድ።» ለትንሽ ለውጥ ሁሉ እንዳይጮህ አወረደው። ኮባው ሰላም አገኘ፣ ድመቷም እንዲሁ። በማግሥቱ ግን እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ በር ከፍታ፣ ዶሮዎቹን እሽ እያለች ግቢውን አቋርጣ ስትገባ ካሜራው ትንፍሽ አላለም። ይሄ እንግዲህ ጥበቃ ሳይሆን ጡረታ ነው። ሴንሲቲቪቲ ከሁሉም በኋላ የሚነካ ነገር ነው ባይ ነኝ።

ቀድሞ የሚነካው ክልሉ ነው። ብዙዎቹ አፖች ምስሉ ላይ በጣት አስምራችሁ «ይሄን ብቻ ጠብቅ» የምትሉበት ቦታ አላቸው። የውጭውን በርና የቤቱን ደጃፍ ከለልኩለት፤ ኮባው፣ የልብስ ገመዱና ከአጥር ወዲያ ያለው መንገድ ከሥልጣኑ ውጭ ሆኑ። ሰማይና አስፋልት እንዳያይም አንገቱን ደፋ አደረግነው። (የጎረቤታችንም በር አብሮ ከምስሉ ወጣ። ልጃቸው በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠዋት ጠዋት ይጠይቁኝ የነበሩት እትዬ እስካሁን እንዳኮረፉኝ ናቸው።)

ቀጥሎ «ሰው ብቻ» የሚለውን ምርጫ አበራሁ። ካሜራው በቅርጽ ሰውን ከሌላው ለይቶ ያሳውቃል ማለት ነው። ይሄ በእውነት ጩኸቱን በግማሽ አስታገሰልኝ ብል አላጋነንኩም፤ ግን የራሱ ጠባይ አለው። የሠፈሩ ጥበቃ ፀሐይ እንዲመታው በራችን ላይ ያሰጡትን ጋቢ «ሰው ተገኝቷል» ብሎ አወጀ። ያንኑ ጋቢ ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው በራችን ሥር የሚያድሩትን ባለቤቱን ግን አንድም ቀን ሰው ብሎ ቆጥሯቸው አያውቅም። ይሄን ስነግራቸው «ወር ደርሶ ደሞዝ ስጠይቅ እናንተንም እንዲሁ ነው የሚያደርጋችሁ» አሉኝ።

የሌሊቱ ነገር ለብቻው ነው። አንዴ ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ነጭ፣ ፀጉራም፣ የበሩን ግማሽ የሚያህል ነገር ስክሪኑን አቋርጦ ሲያልፍ ያሳያል። «ጅብ ነው!» አለ። እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ጅብ ብርቅ አይደለም፤ ይሄኛው ግን ስምንት እግር ነበረው። ካሜራው በጨለማ የሚያየው በራሱ ኢንፍራሬድ መብራት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የብርሃኑ ሞገድ 850 ናኖሜትር ስለሆነ እኛ ከደብዛዛ ቀይ ነጥብ በቀር አናየውም። ነፍሳት እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ሸረሪቷም ገበያውን አይታ ድሯን ሌንሱ ፊት ትዘረጋለች። መብራቱ ከአፍንጫው ሥር ስለሚያርፍባት ግዙፍና ነጭ ሆና ትታያለች፤ ድሩን ነፋስ በነካው ቁጥር ደግሞ ሌላ ጩኸት ነው። በሌንሱ አጠገብ የሚወርድ የዝናብ ጠብታም ያው ነው። መድኃኒቱ ረጅም መጥረጊያ ነው፤ ድሩን በየጊዜው ማንሳት፣ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ማበስ። አቅም ያለው የኢንፍራሬድ መብራት ለብቻው ገዝቶ፣ ከካሜራው ራቅ አድርጎ ይሰቅልና የካሜራውን ያጠፋዋል። እኛ መጥረጊያ አለን።

አሁን ስልኬ ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ በር ላይ ሰው አለ። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ካሜራው እግዜር ይስጥልን። ግን ስልካችሁ ሲጮህ ወደ እኛ ከመደወላችሁ በፊት ያቺን አጭር ቪዲዮ ከፍታችሁ እዩአት። እዚህ ሌሊት ነው።