አሥራ አንዱ እስረኞች

ለማስተማር ሆሞሻ ስመደብ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ያየሁት ማንጎ ነው ያሳሳተኝ። ይህን የሚያህል ዛፍ ያበቀለ አፈር ቲማቲም ምን ያቅተዋል ብዬ ዝናቡ ሲገባ ጓሮዬን ቆፈርኩ። ቲማቲም ተከልኩ፤ ባሚያም ዘራሁ። ባሚያ እዚህ የክብር አትክልት ነው፤ በርታዎቹ ከንከሴ ይሉታል፣ ያለ እሱ የማሽላ ገንፎ አይወርድላቸውም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስወጣ ስድስት የቲማቲም ችግኞች ከአፈሩ አፋፍ ተቆርጠው ተጋድመዋል። ፍየል! የጎረቤቴ የሐጂ ፍየል አጥሬን ስትዞር አይቻታለሁና ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም። ቁርሴን ሳልቀምስ ሄጄ ከሰስኳት።

ሐጂ ረጋ ብለው ሰሙኝ። «ኡስታዝ፣ ቅጠሉስ?» አሉ።

«ቅጠሉማ እዚያው ወድቋል።»

«ፍየል ቆርጣ ቅጠሉን ለማን ትተወዋለች?»

መልስ አልነበረኝም። መጥተው ቁጢጥ አሉና በጣታቸው የአንዷን ጉቶ ዙሪያ ጫር ጫር ሲያደርጉ አመድማ ወፍራም ትል እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ወጣ። ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን አፈር ለብሶ ይተኛል። ለሐጂ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ፍየሏን ግን አልጠየቅኋትም።

ሰው ይማራል ይባላል። እኔ ከዚያ በኋላ ጉንዳን ከሰስኩ። የባሚያዬ ለጋ ቅጠል ተጨማዶ፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ማር ሙጭጭ ይላል፤ በግንዱ ላይ ጉንዳን ይወጣል ይወርዳል። ሥሩ ላይ አመድ በተንኩ። ጉንዳኑ በቅጠሉ ጀርባ የሰፈረውን ክሽክሽ እንደ ላም እያለበ መሆኑን የማውቀው ቅጠሉን ብገለብጠው ነበር። ስገለብጠው ደግሞ የባሰ ጥፋት ሠራሁ። ከዚያ ሁሉ ጥቃቅን ፍጡር መካከል ጥቁር፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስድስት እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ትንሽ አዞ የመሰለ ነገር አየሁ። መልኩ የወንጀለኛ ነው። አለቃቸው ይህ ነው ብዬ ፈረድኩ። አንድ በአንድ ለቅሜ አሥራ አንዱን የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አሰርኩ። ለቀሩት ተባዮች የልብስ ሳሙና ዱቄት በውኃ በጥብጬ በጠራራ ፀሐይ ቲማቲሙንም ባሚያውንም አጠብኩ።

በማግስቱ ጠርሙሱ ውስጥ የቀሩት ሰባት ብቻ ናቸው። ክዳኑን ሳየው እንደ ተከደነ ነው። ያመለጡበት ጠፍቶኝ እስረኞቼን ከአንድ የተቃጠለ ቅጠል ጋር ይዤ ወደ ግብርና ባለሙያዋ ገሰገስኩ።

ማንጎ ጥላ ሥር ነው ያገኘኋት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«መምህር፣ እነዚህ እኮ የእርስዎ ወታደሮች ናቸው።»

ያ ቀይ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ ልጆች እጃቸው ላይ የሚያስኬዱት ጢንዚዛ፣ ልጅነቱ እንዲህ አስቀያሚ ኖሯል። ቀለቡ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ሲያጣ ወንድሙን ይበላል፤ የአራቱ እስረኞች መጥፋትም በዚሁ ተፈታ። የተቃጠለውን ቅጠል ደግሞ አገላብጣ፣ «ይኼኛው ተባይ ሁለት እግር አለው» አለችኝ።

ሐፍረቴን ለመደበቅ ቀና ስል የማንጎው ቅጠል ነጭ በነጭ ሆኗል። «አቧራው ግን አይጣል ነው» አልኩ። አንዱን ቀንጥሳ ሰጠችኝና በጥፍሬ እንድፍቀው ነገረችኝ። አቧራ ቢሆን ይበን ነበር። ይህ ግን እንደ ቅርፊት ተላቀቀ፤ ሥሩ የተሸሸገች ትንሽ ነፍሳት አለች። ክቦቹ ሴቶቹ ናቸው፣ አጠገባቸው እንደ ጠመኔ ስባሪ የተደረደሩት ደቃቃዎች ወንዶቹ። ባለሙያዎች ዋይት ማንጎ ስኬል ይሏታል። በአገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ታይታ፣ በችግኝና በነፋስ እየተሳፈረች ነው ወደ ምዕራቡ የተዛመተችው። ከቅጠሉ ፈሳሹን ትመጥጣለች፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፍሬው ላይ ደግሞ ሮዝ ነጠብጣብ ትተዋለች፣ ገዢም ፊቱን ያዞራል። እኔ እግር ያለውን ሁሉ ስከስ ስከርም፣ ይህች ሴት አንዴ ከተተከለችበት ንቅንቅ ሳትል ከራሴ በላይ ስትመጥ ኖራለች። በየቀኑ በሥሯ ሳልፍ «አቧራ» እላት ነበር።

ሲመሽ ሰባቱን ይዤ ጓሮ ገባሁ። ከሳሙናው የተረፈች አንዲት ባሚያ ላይ ክሽክሹ እንደ ነበረ ነው። ጠርሙሱን አዘንብዬ በስንጥር አንድ በአንድ ቅጠሉ ላይ አሰፍራቸው ጀመር። አንደኛው ገና እግሩ ሳይረጋ አንዷን ክሽክሽ አንገቷን ይዞ አነሳት።

ሐጂ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል፤ ፍየሏም አጠገባቸው ቆማለች።

«ምን እያደረግህ ነው ኡስታዝ?»

«ነፍሳት እየመለስኩ ነው፣ ሐጂ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው ለፍየሏ፣ «ሰው ተባይ ይለቅማል፤ የእኛ ኡስታዝ ይተክላል» አሏት።